ሃምሳ እርምጃ በብራሸር ሐይቅ

ቨርና ስቲድሃም ያን ቅዳሜ ማለዳ ጀልባዋን ከተጎታቹ አውርዳ ውኃ ላይ አቆመቻት። ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ያበሰለች፣ አራት መቶ ሕፃን ምሳ ጠብቆ ሲንጫጫ ጭልፋ ከእጇ ወድቆ የማያውቅ ሴት ናት። ዛሬ ግን አንዱን ገመድ ሁለት ጊዜ አሰረችው፣ ሁለት ጊዜም ፈታችው። ባስ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ክለብ አንድ ዓመት ሙሉ አግዷት ከርሞ፣ ቅጣቷን ጨርሳ ለውድድር የወጣችበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ከእንግዲህ አንዲት ጥፋት ብትጨምር እገዳ የሚባል ነገር የለም፤ ለዘለቄታው ትባረራለች።

“እንኳን ከወህኒ በሰላም ወጣሽ!” አላት ዴንቨር ሱግስ ከጎኗ ጀልባውን እያሰናዳ። ዴንቨር የከተማው ቧንቧ ሠራተኛ ነው።

“የሰው ቧንቧ ስትዘጋ ትውላለህ፤ አፍህን መዝጋት ግን አቃተህ” አለችው።

ዴንቨር ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ቁም ነገር ልንገርሽ ቨርና። ዛሬ ከሽማግሌው ራቂ። በመነሻ ተራው ዕጣ አንደኛ ወጥቶለት ቀድሞን ሄዷል፤ የት እንደሚቀመጥ መቼም ይጠፋሻል አልልም።”

አይጠፋትም። ሽማግሌው ሆሊስ ታኬት ነው፤ የሚቀመጠውም የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው። ግድቡ ሳይሠራ እዚያ ኮረብታ ላይ የባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን ነበረ ይባላል። ዛሬ ኮረብታው ከውኃው ሥር ነው። በሐምሌ ሐሩር ባስ ዳርቻውን ጥሎ ወደ ጥልቁ ሲወርድ፣ የሰሜን አላባማ ዓሣ ሁሉ እዚያ ጉብታ ላይ የተሰበሰበ ይመስላል።

የብራሸር ሐይቅ በሐምሌ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሙዚቃ የከፈተው ሰፊ ጀልባ፣ የውኃ ሞተር ብስክሌት፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ የሚጎተተው ሕፃን፣ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ቢራ የሚጠጣው፣ ሁሉም እዚያው ነው። መልካም ቦታ ጥቂት፣ ጀልባ ብዙ ሲሆን ሰውን ከመፋጀት የሚያድነው ይሉኝታ ብቻ ነው። ስለዚህ በብራሸር ከአባት ከአያት የመጣ ሥርዓት አለ። ቀድሞ የደረሰ የቦታው ጌታ ነው። ሌላው መጠጋት ካማረው በሩቁ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይቆማል፣ ኮፍያውን ያነሣል። ባለ ቦታው መልሶ ኮፍያውን ካነሣ፣ ና ማለቱ ነው። ካላነሣ ጠያቂው ዞሮ ይሄዳል። ሌላው አገር ዝምታ እሺ ማለት ነው ይል ይሆናል፤ በብራሸር ላይ ዝምታ እምቢ ነው፤ ሁለተኛም አይጠየቅም።

ይህን ልማድ ወረቀት ላይ ያወረደው ሆሊስ ነው። ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ስለሆነ ሳይለካ የሚተወው ነገር የለም፤ ካልተፈቀደልህ በቀር ከሰው ጀልባ ሃምሳ እርምጃ እንዳትጠጋ ብሎ ጻፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሆሊስ ሞኝ አልነበረም፤ ወረቀቱን ግን አይለቅም።

ቨርናን ያሳገዳትም እሱ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ጥፋቱ የእሷው ነበር። አምና በሐምሌ ሆሊስ ጉብታው ላይ ሳለ ኮፍያዋን አነሣች፤ ዝም አላት። ልትዞር ስትል ከጀልባው ኋላ የባሱ መንጋ ትናንሽ ዓሣ እያሳደደ ውኃውን እንደ ሽሮ አፈላው። ቨርና ያኔ ራሷን መያዝ አልቻለችም። ሠላሳ እርምጃ ድረስ ተጠግታ መንጠቆዋን ወረወረችና የሽማግሌው አፍንጫ ሥር ግዙፍ ባስ ጎትታ አወጣች። ሆሊስ አንድ ቃል አልተናገራትም። በስብሰባው ቀን ተነሣና የልኩን ቁጥር ሳያዛንፍ ተናገረ፤ እንድትታገድ ሁሉም እጁን አወጣ።

ያ ዓመት ለቨርና ከባድ ዓመት ነበር። ባሏ ኦርቪል ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ ዓሣ ለማጥመድ ይዟት ወጥቶ አያውቅም፤ ሲሞት ግን ጀልባውን ትቶላት ሄደ። ልትሸጠው ነበር። “እስቲ አንድ ቀን ልሞክረው” ብላ ወጣች፤ ያ አንድ ቀን ሕይወቷ ሆነ። ክለቡ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ናት፤ ለመግባት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ቅዳሜን የሚያህል ቀን አልነበራትም። በእገዳው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ጀልባ የሚጎትቱ መኪኖችን ትቆጥር ነበር። ዳግመኛ ያንን ከማየት ሞት ይሻላል ብላ ለእህቷ ተናግራለች።

ሁለት ሰዓት ገደማ ቨርና ከጉብታው ማዶ ደረሰች። ሆሊስ ጀልባው ፊት ካለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ጎኑን ሰጥቷት ተቀምጧል። ሞተሯን አጠፋችና ቆመች። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሳይጠይቁ ማለፍ ቂም ይመስላል። ኮፍያዋን ከራሷ አንሥታ ጥቂት ቆየች። ሆሊስ አንገቱን በመጠኑ ወደ እሷ ያዞረ መሰላት። ኮፍያውን ግን አላነሣም።

“አልለቀቀኝም ማለት ነው” አለች ለራሷ፤ ፊቷም ጋለ። መቶ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ፣ ከውኃው ሥር ባለች አንዲት ገደል አፋፍ ላይ ለማጥመጃ የያዘችውን የፕላስቲክ ትል ጣለች።

ከዚያ ሥራዋ ሁሉ ሆሊስን በስርቆት መመልከት ሆነ፤ ዓሣውን ሳይሆን ሰውየውን። አንድ ዐይኗ ክሯ ላይ፣ ሌላው እሱ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ነገር ልብ አለች። ከመጣች ጀምሮ ሽማግሌው አንድ ጊዜ እንኳ አልወረወረም። የማጥመጃ ዘንጉ እዚያው ጭኑ ሥር ነው። ወዲያው ግን የዘንጉ ጫፍ ጎንበስ፣ ጎንበስ አለ፤ የሆነ ዓሣ እየጎተተለት ነው። ቨርና ቀናች። “እኔ እዚህ በፀሐይ ስቆላ እሱ ተቀምጦ ይስባል” አለች። ሲስብ ግን አላየችም። ጫፉ ጎንበስ ይላል፣ ይቃናል፤ ሰውየው አይነሣም።

ልቧ የሆነ ነገር አላት። እሷም ለልቧ መልስ ሰጠችው። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ያርፋል። በሐምሌ ዓሣ ዝግ ያለ ነገር ይወዳል፣ ትሉን ከታች አስተኝቶት ይሆናል። ጀልባውም ከቦታው አልተነቃነቀችም፤ የሞተ ሰው ጀልባማ ውኃ ይወስደዋል። ይህን ስትል ግን ራሷን እያታለለች እንደሆነ ታውቃለች። የዛሬ ጀልባ ፊቷ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አላት፤ አንዴ “እዚህ ቁሚ” ከተባለች ነፋስ ቢገፋት፣ ማዕበል ቢወረውራት፣ ባለቤቱ ቢተኛ ባይተኛ፣ ራሷን ወደዚያው ቦታ ትመልሳለች።

ሦስት ተኩል ላይ ዴንቨር በዝግታ አጠገቧ አለፈ።

“ዴንቨር፣ ሆሊስ ደኅና ነው?”

“ምን እንዳይሆን? እኔም ጎሕ ሲቀድ ኮፍያ አነሣሁለት፤ እንደ ግንድ ዝም። በግራ ጎኑ ነው የተነሣው ዛሬ።”

“ሲወረውር አይተኸዋል?”

“ቨርና፣ ቨርና፣” አለ ዴንቨር ራሱን እየነቀነቀ። “ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ተዪው።”

“አብረን ሄደን እንየው። አንተ ምስክር ትሆነኛለህ።”

“እኔ ሳጥኔ ውስጥ አራት ዓሣ አለ፤ ውድድሩ ከሚፈቅደው አምስት አንድ ነው የቀረኝ። ዛሬ ሕግ ጥሼ አልባረርም። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብሽ ደግሞ አንቺ! ዘወር ብሎ ‘እንደገና አንቺ?’ ቢልሽ ምን ልትዪው ነው?”

ቨርና ዐይኗን ወደ ሆሊስ መለሰች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ስብሰባው ላይ የወጡትን እጆች እስካሁን በሕልሟ ታያቸዋለች። ዴንቨር ሄደ። እሷም ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከአናት በላይ መጣች፤ የጀልባው ብረት እጅ ያቃጥላል፤ ነፋስ የለም። ከበረዶ ሣጥኗ ጣፋጭ ሻይ አውጥታ ጠጣች፤ ሆሊስ ሲጠጣ አላየችም። የአይብ ሳንዱቿን ገምሳ መለሰችው። ሌሎች ጀልባዎች መጡ፤ በየተራ በሩቁ ቆሙ፣ ኮፍያ አነሡ፣ መልስ ሲያጡ በትሕትና ዞረው ሄዱ። እንደዚያ ያለ የጨዋ ሰልፍ አይታ አታውቅም።

አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሦስት ጎረምሶች በውኃ ሞተር ብስክሌት እየበረሩ መጡና፣ እየተሳሳቁ በሆሊስ ጀልባና በቨርና ጀልባ መሐል ሰንጥቀው አለፉ። ማዕበሉ የሽማግሌውን ጀልባ ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ታች ጣላት።

ሆሊስ ታኬት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሳይሰድብ ያሳለፈው የውኃ ሞተር የለም። “እናትህ ቤት እንዲህ ነው የምትገባው!” የሚለው ጩኸቱ ከሐይቁ ዳር እስከ ዳር ይሰማል፤ ልጆች ሳይቀሩ ያስመስሉታል። ቨርና ጩኸቱን ጠበቀች።  የሆሊስ ጀልባ ተናጠች፣ ትንሿ ሞተር እያቃሰተች ወደ ቦታዋ መለሰቻት፣ ውኃው ጸጥ አለ። ሽማግሌው ቃል አልተነፈሰም።

ቨርና ዘንጓን ጀልባዋ ወለል ላይ ጣለችና ሞተሯን አስነሣች።

መቶ እርምጃ። ከማዶ አንዱ፣ “ቨርና! የት ነው የምትሄጂው?” ብሎ ጮኸ። ሰማንያ። “ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ? ሃምሳ እርምጃ!” ፉጨት ተከተለ። ቨርና ወደ ኋላ አልዞረችም። አሁን የምትፈልገውን ራሷ አታውቅም። ሆሊስ ዘወር ብሎ ልክ ልኳን ቢነግራት፣ ክለቡም ቅዳሜውም ቢቀርባት፣ ሰውየው ግን ደኅና ይሁን። ወዲያው ደግሞ፣ ዘወር ቢልስ ብላ ፈራች። ስድሳ። “ሚስተር ሆሊስ!” ብላ ጠራችው። ሃምሳን አለፈች። ሠላሳን አለፈች። አምና የቆመችበትን ቦታ አለፈች።

“ሚስተር ሆሊስ፣ እኔ ነኝ! ቨርና ነኝ! ይሳደቡ እንጂ!”

ጀልባዋን ከጀልባው አላትማ ዘለለች። ሆሊስ ወንበሩ ላይ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል፤ ከመውደቅ ያዳነው የወንበሩ መደገፊያ ነው። ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። የከንፈሩ አንድ ጎን ወርዶ ምራቅ አገጩ ላይ ደርቋል። ቆዳው ከፀሐይ የተነሣ ደም መስሏል፣ ላብ የሚባል ግን የለበትም። በሕይወት ያለ የሚመስለው ዐይኑ ብቻ ነበር። ዐይኑ ክፍት ነው፤ ዐይኑ ያያታል፤ ስትንቀሳቀስ ይከተላታል።

ዘንጉ ከጭኑ ሥር ተሰክቷል። ከታች የሆነ ዓሣ መንጠቆውን እንደዋጠ ሁለቴ ሳበ፤ ጫፉ ጎንበስ፣ ጎንበስ አለ። ቨርና ያንን ስታይ ጮኸች። ቢላዋዋን መዝዛ ክሩን በጠሰችው።

በረዷማ ውኃ አንገቱና ብብቱ ላይ አፈሰሰች፣ ጥላ ይሆነው ዘንድ ሸሚዟን አውልቃ ራሱ ላይ ጣለች፣ በስልክ አምቡላንስ ጠራች። የሆሊስ ሞተር ከእሷ ሞተር እጥፍ ይፈጥናል። ትንሿን ሞተር በገመዷ ጎትታ ከውኃ አወጣች፣ መሪውን ያዘች። ያን ጊዜ ዴንቨር ደርሶ ሽማግሌውን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

“ጀልባሽ ይሄዳል!” አለ።

“ይሂድ!” አለችው። በአንድ እጇ እየነዳች፣ በሌላው የሆሊስን ደረት ከወንበሩ ጋር አጣብቃ ይዛ፣ ጨዋታውን፣ ሙዚቃውን፣ ሕፃኑን ሁሉ እየጮኸች እየበተነች ዳር ወጣች።

ሆሊስ አልሞተም።

በነሐሴ ስብሰባ ክለቡ ለቨርና ቆሞ አጨበጨበላት። የተጣሰ ሕግ የለም ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ እነዚያው እጆች ተነሡ። አንዱ የኮክ ኬክ አስጋግሮ አመጣ፤ ላዩ ላይ ስሟ ተጽፎበታል። “ጀግናችን” አሏት። ዴንቨር ብቻ ኬኩን ሳይነካ ጥግ ላይ ቆመ፤ ዐይን ለዐይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።  ማንም አልጠየቃትም እንጂ፣ ጀግናዋ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ ነበር። ክለቡ እጇ ውስጥ ቀረ፤ የምትመኘውን አገኘች፤ ያገኘችውም አስጠላት።

በመስከረም የሆሊስ ልጅ ፌይ ስልክ ደወለች። “ሚስ ቨርና፣ አባቴ ጥቂት መናገር ጀምሯል። ስምዎን ይጠራል። ቢመጡለት?”

ቨርና ሄደች። ፌይ በረንዳው ላይ ተቀብላ አቀፈቻት። “እግዚአብሔር ይስጥዎ። ስትሮክ ነው የመታው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሆስፒታል ቢደርስ ኖሮ እጁም ይተርፍ ነበር አለን ሐኪሙ፤ ግን ማን ያውቃል፣ እርስዎም ባይኖሩ ጨርሶ አናገኘውም ነበር” አለቻት። ይህን ያለችው ከልቧ ልታመሰግናት ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አብራው እንድትቆይ ለምና መድኃኒት ልትገዛ ወጣች።

ሆሊስ ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ትራስ ላይ ነው። ቨርና መቀመጥ አልቻለችም። ቆማ፣ እንደ ተከሰሰ ሰው ቆማ፣ ያፈነችውን ሁሉ አፈረጠችው።

“ሚስተር ሆሊስ፣ ሰዎቹ የነገሩዎት ልክ አይደለም። እኔ ሦስት ሰዓት ላይ አውቄያለሁ። አልወረወሩም፣ አልጠጡም፤ አይቻለሁ። ክለቡን እንዳላጣ ብዬ ነው የተቀመጥሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ያ እጅዎ በእኔ ምክንያት ነው። ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ፈራሁ። ለእርስዎ ከመስጋት ይልቅ ወረቀቱን ፈራሁ።”

 ቃል እንደ ከባድ ድንጋይ ከሆሊስ ውስጥ እየተንከባለለ ወጣ።

“አየሁሽ።”

“ያኔ?”

“ሁሉንም። ስትመጪ። ስትቆሚ።” ትንፋሽ ሰበሰበ። “ሌሎቹንም... ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ጀልባ። ሁሉም... ቆመ። ኮፍያ... አነሣ። ሄደ።” ከፊቱ ግማሹ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይሳቅ ያልቅስ አይታወቅም። “ጨዋዎች።”

“ይቅር ይበሉኝ” አለች ቨርና፤ ወለሉ ላይም ቁጭ አለች።

ሽማግሌው ራሱን በኃይል ነቀነቀ። ያልተረዳችው ነገር እንዳለ አውቆ የተቆጣ ይመስላል። ግራ እጁን አንሥቶ በመጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ራሱን አመለከተ።

“አንቺ... ወንበሩ ላይ ብትሆኚ” አለ። “እኔ... ማዶ ብሆን...”

“ይተዉት፣ አይድከሙ።”

“አልመጣም ነበር።” እንባው በአንዱ ጉንጩ ብቻ ወረደ። “ቨርና... እስከ ማታ... አልመጣም ነበር።”

ቨርና ይቅርታ ልትለምን መጥታ፣ ይቅርታ የምትለመነው እሷ ሆና ተገኘች። ተነሥታ ግራ እጁን ያዘችና አብራው አለቀሰች።